ገና ያላለፉ መኪኖች

አጎቷ ገና ያላለፉ መኪኖችን ሲቆጥሩ ያገኘቻቸው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ በዳቦው ሳህንና በሻይ ፔርሙሱ መካከል የቆጠራ ቅጹን ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አሳርፈው፣ በዚያ በሚታወቁበት ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ቁጥር ከቁጥር ሥር ይደረድራሉ። ልጅቷ ፊቷን ታጥባ፣ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጥላ በአጠገባቸው ስታልፍ እግረ መንገዷን ዓይኗን ጣል አደረገችበት። ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፦ የቤት መኪና ስድስት መቶ አርባ አንድ፣ ሚኒባስ ሁለት መቶ ሰባ፣ ከባድ ጭነት አሥራ ዘጠኝ። የትናንቱን የሚገለብጡ መስሏት ልታልፍ ነበር። ከቅጹ አናት ላይ የተጻፈውን ቀን ስታይ ግን እግሯ መሬት ላይ ተተከለ። የዛሬ ቀን ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ የዛሬ አይደለም እንዴ?"

"የዛሬ ነው።"

"ከሰዓት በኋላ እኮ ነው የሚለው!"

"አዎ፣ ከሰዓት በኋላ ነው።" ቀና እንኳ አላሉም። "ሻይሽን ጠጪና እንውጣ፣ ታክሲ ሳይጨናነቅ።"

የአጎቷ ሚስት ከምድጃው ፊት ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። እንቁላሉን መገልበጥ ትተዋል፤ የሚጠበሰው ዘይት ብቻ ይንጫጫል። ልጅቷ ዞር ብላ አየቻቸው፣ "እትዬ፣ አይተዋል?" ለማለት። ጀርባቸው ግን አይተው እንደኖሩ ነገራት። በዚያ ቤት አምስት ዓመት ስትኖር፣ ስትማርም ስትመረቅም፣ ያ ጠረጴዛ በቆጠራ ሰሞን በየጠዋቱ ጎህ ሳይቀድ ይዞ የሚቆየውን ወረቀት የቤት ኪራይ ደረሰኝ ወይም የዕድር መዝገብ ነገር አድርጋ እንጂ እንዲህ ነው ብላ አስባው አታውቅም። "ብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል" አሉ ሴትዮዋ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን ለመጥበሻው። አጎቷ ከትኩሱ እንቁላል አንስተው ወደ ልጅቷ ሳህን አሻገሩ።

ቤተሰቡ ከተመረቀች ወዲህ "ኢንጂነሯ" ይላታል፣ ግማሹ ለኩራት ግማሹ ለቀልድ፤ አምስት ወር ሙሉ ሥራ የሌላት ኢንጂነር ናትና። በመጨረሻ ያገኘችው ይህን የሰባት ቀን የትራፊክ ቆጠራ ነው፤ እሱንም በአጎቷ በኩል። አጎቷ በመንገድ መሥሪያ ቤቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆጣሪ ሆነው የሠሩ፣ በትምህርት ቤቱ ቁልቁለት ሥር ያለውን መስቀለኛ መንገድ እንደ ራሳቸው ግቢ የሚያውቁ ሰው ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ያን ቦታ "እናት ጣቢያ" ይለዋል፤ የሌሎቹ መንገዶች ቆጠራ ሁሉ በእሱ ይመዘናልና። እሷ ስድስቱን ቀን ከተማው ጫፍ ላይ ባለ ሌላ መንገድ ፀሐይ ሲለበልባት ሰነበተች። ዛሬ፣ በመጨረሻው ቀን፣ የአጎቷ የሥራ ባልደረባ ስለታመመ እዚህ ተመደበች። ከአጎቷ ጋር በመሥራቷ ደስ ብሏት ነበር የተኛችው።

ታክሲ ያዙ። አጎቷ የሁለቱንም ሒሳብ ከፈሉ፣ መልሱን ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱ፣ "ዛሬ ወር መጨረሻ አይደለም፣ ይቀለናል" አሉ። ልጅቷ የሌባ ቤተሰብ መሆኗን ባንድ ጠዋት የሰማች ያህል ተሰማት፤ ሌባው ደግሞ ትኩስ እንቁላል አንስቶ ወደ እሷ ሳህን የሚያሻግር ሰው ነው።

የመቁጠሪያ ቦታቸው ከጎሚስታው ቆርቆሮ ቤት ጥላ ሥር ነው። ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንዱ እግሩ በሽቦ የታሰረ። ከፊት ለፊታቸው መንገዱ ከላይ ከኮረብታው ቁልቁል ይወርዳል፤ ከግራ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር፤ በሩ ፊት ቀለሙ የተፋቀ ዜብራ። ሌላ ነገር የለም፤ መብራት የለም፣ ፖሊስ የለም። የዘንድሮው ቆጠራ የሚካሄደውም ለዚሁ ነው። ከቆጠራው ቀናት በአንዱ፣ ከአንድ እስከ አሥር ሰዓት ባሉት ዘጠኝ ሰዓታት ውስጥ አሥር ሺህ መኪና ያለፈበት መንገድ የትራፊክ መብራት ይተከልለታል፤ ከዚያ በታች ያለፈበት ሌላ ሦስት ዓመት ይጠብቃል። አንድ ከባድ መኪና እንደ ሦስት ይታሰባል። ይህን ኢንጂነሯ ከመመሪያው አንብባለች፤ አጎቷ ግን ጠዋት በጻፉት ወረቀት ግርጌ ድምሩን አስቀድመው አስቀምጠዋል፦ ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ ሃያ።

"እኔ ልቆጥር ነው" አለች፣ ባዶ ቅጽ አውጥታ።

"ቁጠሪ" አሉ አጎቷ። "ማን ከለከለሽ? ወንበሩን ግን ቀየር አድርጊው፣ በሦስት ሰዓት ፀሐዩ እዚያ ጋ ይመጣል።"

ጎሚስታው ጎማ እያንከባለለ ሲያልፍ ቅጿንና በአውራ ጣት የሚጫነውን መቁጠሪያ አየና "እህቴ፣ ቆጣሪ ነሽ? የመብራት ነው የውሃ?" አላት። እሷ አልሳቀችም። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት አንድም መኪና ሳያመልጣት፣ ዓይኗን ሳትነቅል ቆጠረች። መንገዱ ጢም ብሎ ነበር፤ ሚኒባሶቹ በጥሩምባ ይጨቃጨቃሉ፣ የቤት መኪኖቹ በየመስኮታቸው አንድ አንድ የተኮሳተረ ሰው ይዘው ይንፏቀቃሉ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ደመረች፦ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። ከዚያ፣ አጎቷን እጅ ከፍንጅ ልትይዝ፣ የእሳቸውን ወረቀት ሳብ አድርጋ አየች። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስት።

የሰባት መኪና ልዩነት። ደግማ ደመረች፤ ያው ነው። ይህ ከጠዋቱ ይልቅ አስደነገጣት። ያ ሁሉ ሰው፣ አንዱ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ቶሎ የወጣ፣ አንዱ እንቅልፍ ጥሎት ያረፈደ፣ አንዷ ቁልፏን ረስታ የተመለሰች፣ እያንዳንዱ በገዛ ፈቃዱ የወጣ መስሎት፣ ተደምሮ ሲታይ አንድ ሽማግሌ ዳቦ እያኘኩ ከሚጽፉት ቁጥር አያልፍም። አጎቷ ፊቷን አይተው ፈገግ አሉ። "ዝናብ ቢጥል ሞተር ሳይክሉ በሩብ ይቀንስ ነበር" አሏት። "ወር መጨረሻ ቢሆን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መቶ ጨምሪ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከአምስት አንዱን አውጪ። ከበዓል ማግስት ደግሞ ምንም አትጻፊ ማለት ይቻላል፣ ሰው ይተኛል።" ለቀባሪው አረዱት፤ የመመረቂያ ጽሑፏ ርዕስ ይኸው ነበር፣ የትራፊክ መጠን በሰዓት፣ በቀንና በወቅት እንዴት እንደሚለዋወጥ። ጠዋት አንድ ጉብታ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጉብታ፣ መሐሉ ላይ ሸለቆ፤ መምህሩ የግመል ጀርባ ይሉት ነበር። ያን የግመል ጀርባ የሳለችው ከእናት ጣቢያው አኃዝ ነው። ያን ጊዜ ነው ሁለተኛው ድንጋጤ የመጣው። የመመረቂያ ጽሑፏን "እጅግ በጣም ጥሩ" ያሰኘው ሥዕል የተሳለው እትዬ ምድጃ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከሁለት እስከ አራት ሰዓትም ቁጥራቸው ተቀራራቢ ሆነ፤ አንዴ በአሥራ አንድ ይበልጣሉ፣ አንዴ በአራት ያንሳሉ። ንዴቷ እየበረደ፣ እንዲያውም አንድ ዓይነት አድናቆት እየገባባት ነበር። ሻይ የምታዞረው ሴት መጣች፤ ሁለት ብርጭቆ ወሰዱ። ሻይ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ከነበረበት ዋጋ በእጥፍ ጨምሯል፤ ታክሲም፣ እንቁላልም። የአጎቷ ወረቀት ውስጥ ግን፣ ለመመረቂያ ጽሑፏ ስታገላብጠው እንዳየችው፣ ዓለም በየዓመቱ በሦስት በመቶ ብቻ እያደገች፣ ሰላም ውላ ሰላም ታድራለች። ከስንት ዓመት ወዲህ እንደሆነ ልትጠይቃቸው አፏን ስትከፍት መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

መጀመሪያ የቆርቆሮው ጣሪያ ነው የተንቀጫቀጨው። ቀጥሎ ከኮረብታው ጫፍ አንድ ገልባጭ መኪና ብቅ አለ፣ ጠጠር ተቆልሎበት። ከኋላው ሌላ። ከዚያ ተሳቢ፣ ከዚያ ሲሚንቶ የጫነ፣ ከዚያ ብረት፣ ከዚያ እንደገና ገልባጭ። ግድብ የተከፈተበት ውሃ ይመስላል። ጠዋት ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ከባድ መኪና ከተማ እንዳይገባ ከተከለከለ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሾፌሮቹ ከከተማው ውጪ ተሰልፈው ይጠብቁና በአራት ሰዓት ሲለቀቁ ባንድ ጊዜ ይነጉዳሉ፤ ያጡትን ሰዓት ለማካካስም ቁልቁለቱን እንደ ደርባባ ሴት አይወርዱትም። አውራ ጣቷ መቁጠሪያው ላይ መሯሯጥ ጀመረ። ከአምስት እስከ ስድስት ባለው ሰዓት የአጎቷ ወረቀት "ከባድ ጭነት፦ ሃያ ሁለት" ይላል። እሷ ሰዓቱ ሳይጋመስ ዘጠና ደረሰች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የትምህርት ቤቱ በር ተከፈተ። የታችኛው ክፍል ልጆች የሚለቀቁት በዚህ ሰዓት ነው። ቀድማቸው የወጣችው የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ በመጥረጊያ እጀታ ላይ ቀይ ላስቲክ አስራ ይዛለች። ሰፈሩ "ትራፊኳ" ይላታል። ማንም አልመደባትም፤ መመደብ ያለባቸው መጥተው ስላላዩ ራሷን መደበች። ላስቲኩን ከፍ አድርጋ ዜብራው መሐል ቆመች፤ ሁለት ገልባጭ አሳለፈች፣ ሦስተኛው ራቅ ያለ ሲመስላት "እለፉ!" አለች። ልጆቹ ጎርፈው ገቡ። ሦስተኛው ግን ራቅ አላለም። ፍሬኑ ሲጮህ ኢንጂነሯ መቁጠሪያውን ለቃ ከወንበሯ ተነሣች። መኪናው እየተንሸራተተ፣ ጠጠር ከላይ እየረገፈበት፣ አፍንጫው ዜብራው ላይ ገብቶ ቆመ። ትራፊኳ ጀርባዋን ለመኪናው ሰጥታ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆማለች፤ በእሷ ትከሻና በመኪናው ብረት መሐል አንድ ክንድ አይሞላም። ልጆቹ ወሬያቸውን እንኳ አላቋረጡም። አንዷ የጫማዋን ማሰሪያ እዚያው መኪናው ፊት ጎንበስ ብላ አስራ፣ ቀና ብላ ሄደች። ኢንጂነሯን ከፍሬኑ ጩኸት ይልቅ ያስደነገጣት ይኸ ነው፤ አለመደንገጣቸው።

ትራፊኳ በመጥረጊያ እጀታዋ የመኪናውን ብረት ሁለቴ ኳ ኳ አድርጋ፣ ሾፌሩን "ያንተን ልጅ አምጣና እዚህ አቁመው!" አለችው። ከዚያ ላቧን እየጠረገች ወደ ቆርቆሮው ጥላ መጣች። "እናንተ ደግሞ በየዓመቱ ትቆጥራላችሁ" አለች፣ አጎቷን እያየች። "ድምሩ መቼ ነው የሚያልቀው ጋሼ? ቁጥር አልቆባችሁ ነው? እኔ እኮ ሁለት ልጅ ተገጭቶብኛል። አንዷ በዊልቸር ነው የምትመጣው።" አጎቷ የሻይ ብርጭቋቸውን ታች አስቀመጡ፣ መልሰው አነሡ፣ ባዶ መሆኑን አዩ።

ስድስት ሰዓት ሲሞላ የልጅቷ ቅጽ ላይ የሰፈረው አንድ መቶ ሰማንያ ሰባት ነበር። ወረቀቱን አጎቷ ጉልበት ላይ አኖረችው። "ሃያ ሁለት ነው የጻፉት። እስቲ ይዩት። ስንፍና ነው ብዬ ነበር እኮ ጋሼ፤ ይሄ ስንፍና አይደለም።"

አጎቷ ከእትዬ የተቋጠረላቸውን ዳቦ በእንቁላል ፈተው ግማሹን አቀበሏት፤ አልተቀበለችም። መጠቅለያው ላይ መልሰው አስቀመጡት። "ቆጥሬ ነበር" አሉ። "የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ክልከላው እንደወጣ። አንድ መቶ ስድሳ ነበር ያኔ። ጻፍኩ፣ አስገባሁ። በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ ተመለሰ፤ 'ካለፈው ዓመት ጋር አይጣጣምም' ይላል። ሄጄ ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው ነው፣ አስገባሁ፣ ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ የዚያን ጊዜው አለቃ ጠርቶ 'ዓይንዎን ይታከሙ እንጂ' አለኝ፣ በሰው ፊት። ያን ዕለት ማታ ያለፈውን ዓመት ቁጥር አወጣሁና ሦስት ሦስት በመቶ ጨመርኩበት። በሳምንቱ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ።" የዳቦውን ፍርፋሪ ከጉልበታቸው አራገፉ። "ከዚያ ወዲህ እዚህ እየመጣሁ እቀመጣለሁ። መቅረት ደግሞ አልችልም፤ ፊርማ አለ።"

 ልጅቷ ዳቦውን አንስታ በላች፣ ባይርባትም ቶሎ ቶሎ። እስከ አሥር ሰዓት ቆጠረች። ድምሩ አሥር ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት መጣ፤ መብራቱ ከስድስት መቶ መኪና ትርፍ ጋር ይገባዋል። "እኔ አስገባዋለሁ" አለች። "እኔን እንደ እርስዎ አይመልሱኝም።"

መሥሪያ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ላይ "ለጊዜው አይሠራም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ ወረቀቱ ራሱ አርጅቷል። አጎቷ በየፎቁ ጉልበታቸውን ይዘው እያረፉ ወጡ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይም ቀሩ። ኃላፊው ከኢንጂነሯ ሁለት ዓመት ቀድሞ ከዚያው ትምህርት ክፍል የተመረቀ፣ ሸሚዙን በጥንቃቄ የሚተኩስ ወጣት ነው። ቁጥሮቹን ኮምፒውተሩ ላይ አስገባ። የጠዋቶቹ ሰዓታት አረንጓዴ ሆኑ፤ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ያሉት አንድ በአንድ ቀሉ።

"እህቴ፣ ይሄ አልተቆጠረም" አላት፣ ሳይቆጣ። "ካለፈው ዓመት ከአሥራ አምስት በመቶ በላይ የራቀ ቁጥር ሲስተሙ አይቀበልም። ስህተት ነው ማለት ነው።"

"መንገዱ ነው የራቀው። ሄደህ እየው፤ ታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው።"

"እኔ መንገድ አላይም፣ ሰንጠረዥ ነው የማየው። ጋሼ እኮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆጥረዋል፣ እኔ ከመጣሁ ወዲህ አንዴም ቀይ አምጥተው አያውቁም። ከሳቸው ጋር እየዋልሽ እንዴት አትማሪም?" ከዚያ እንደ ውለታ አድርጎ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት። "ያኛውንም መንገድ አበላሽተሽው ነበር፤ እኔ ነኝ ያስተካከልኩልሽ።" ስድስት ቀን በፀሐይ የቆጠረችው ተደርድሯል። የእሷ አልነበረም። እያንዳንዱ ሰዓት በእናት ጣቢያው ልክ ተቆርጦ፣ ተስቦ፣ የግመል ጀርባ ሆኗል። ስሟ ብቻ ነው ያልተነካው።

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ከአጎቷ ጎን ዘፍ አለች። እሳቸው ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ፣ ከቦርሳቸው ባዶ ቅጽ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የምትፈልጊው መብራቱን ነው እውነቱን?"

"መብራቱን" አለች፤ ለማሰብ እንኳ አልቆየችም።

"እንግዲያው ስልክሽን አውጪና አባዢልኝ። ያለፈው ዓመት ድምር ስምንት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ አራት ነው። ሁሉም ሰዓት ላይ አሥራ አራት በመቶ።" ጻፉ። እጃቸው እንደ ጠዋቱ አልነበረም፤ ይፈጥናል፣ ይደሰታል ለማለት ይቻላል። አንዱን ሰዓት በአሥራ ሦስት ተኩል፣ ሌላውን በአሥራ አራት ከግማሽ እያደረጉ፣ የተፈጥሮ እንዲመስል እያበላለጡ፣ የሚኒባሱን ጨምረው ከሞተር ሳይክሉ እየቆነጠሩ ሞሉት። አሥር ሺህ ዘጠና አራት። በሩብ ሰዓት ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ሠሩ። ኢንጂነሯ ከጎናቸው ቁጥር ስታቀብል የገዛ ድምፅዋን ሰማችው፤ የተረጋጋ ነበር፤ ክፉኛ የገረማትም እሱ ነው።

ኃላፊው አስገባ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ለበሰ። "ይኸው!" አለ ከልቡ ደስ ብሎት። "ቆጠራ ማለት እንዲህ ነው። መብራቱም ያልፍላችኋል፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ዲዛይን ክፍሉ ከዚሁ ሰንጠረዥ የየቀለሙን ሰከንድ አውጥቶ በሁለት ወር ይተክለዋል።" ሁለቱም ፈረሙ። አጎቷ ለምስጋና ጎንበስ አሉ።

ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ኢንጂነሯ ቆመች። አጎቷ አንድ ደረጃ ወርደው ዘወር አሉ፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምን ሆንሽ ልጄ?"

"ቢጫው" አለች። "ጋሼ፣ የመብራቱ ቢጫ። ሰከንዱን ከሰንጠረዡ ነው የሚያወጡት። ቁልቁለት የሚወርድ የተጫነ ገልባጭ ለመቆም ስድስት ሰከንድ ይፈልጋል። እኛ የጻፍነው ግን በሰዓት ሃያ አምስት ከባድ መኪና ነው። ለሃያ አምስት ብለው ስድስት አይሰጡም፤ ለቤት መኪና የሚበቃውን ነው የሚሰጡት፣ ሦስት።" ሦስት ጣቷን አሳየቻቸው። "አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ለልጆቹ አረንጓዴ ሲበራ ገልባጩ ገና እየተንሸራተተ ነው። ዛሬ ትራፊኳ አለች፣ አይታ ታስቆማለች። መብራት ከተተከለ ግን መጥረጊያሽን ይዘሽ ግቢ ይሏታል።"

አጎቷ የደረጃውን ብረት ያዙና ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ አልደነገጡም ነበር፤ ጠዋት ስትይዛቸውም፣ ትራፊኳ ስትወርድባቸውም። አሁን ደነገጡ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጻፉት ቁጥር መሳቢያ ውስጥ ገብቶ የሚተኛ እንጂ፣ ሰከንድ ሆኖ ተመልሶ መንገድ ላይ የሚወጣ መሆኑ አልታያቸውም።

"ሦስት ሰከንድ" አሉ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።" ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እንደገና ቆጠሩት። ከዚያ ብረቱን ይዘው ተነሡና ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አላረፉም። ኢንጂነሯ "ጋሼ፣ ጉልበትዎ!" እያለች ተከተለቻቸው።

ኃላፊው ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ተገናኙ።

"ያን ወረቀት መልስልኝ" አሉት።

"ገባ እኮ ጋሼ፣ ወደ ላይ ተልኳል። ምነው፣ ምን ጎደለ?"

"አልቆጠርነውም። እዚያ አግዳሚ ላይ ነው የጻፍነው። ያምናውን ቤቴ ጻፍኩት፣ ያቻምናውንም፣ የዛሬ ሦስት ዓመቱንም። እሷ ዛሬ ያመጣችልህ፣ ያ የቀላብህ፣ እሱ ነው የተቆጠረው።"

ኃላፊው ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየና ሁለቱን ወደ ውስጥ ስቦ በሩን ገፋው። "ጋሼ፣ ምን እያሉ እንደሆነ ያውቃሉ? እናት ጣቢያው ውሸት ከሆነ የከተማው መንገድ ሁሉ ውሸት ነው። ሁሉም እንደ አዲስ ሊቆጠር ነው። እርስዎ ደግሞ ጡረታዎ ስምንት ወር ነው የቀረው፤ ይሄን ቃል ካስመዘገብኩት ጡረታ የሚባል ነገር የለም። ደክሞዎታል። እኔም አልሰማሁም። ይሂዱና ይረፉ።"

"ነገ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከእኔ ጋር መንገዱ ዳር ትቆማለህ" አሉ አጎቷ። "ካየህ በኋላ የፈለግከውን ጻፍ።"

"ነገ ስብሰባ አለብኝ።"

አጎቷ በሩ አጠገብ ያለውን የእንግዳ ወንበር ሳቡ፤ ጀርባውን ለግድግዳው፣ ፊቱን ለኃላፊው ጠረጴዛ አዞሩት። መንገድ ዳር እንደሚቀመጡት፣ ሁለት እግራቸውን ገጥመው፣ ቅጽ ያለው ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

"እንግዲህ እጠብቅሃለሁ" አሉት። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት የከፈላችሁኝ ለመቀመጥ ነው፤ ከእኔ የተሻለ የሚቀመጥ ሰው አታገኝም።"

ኃላፊው ቦርሳውን እንዳነገተ ኢንጂነሯን አያት፤ ዘመድ ነሽ፣ አንሺልኝ የሚል ዓይን። እሷ ሌላኛውን ወንበር ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ አወጣች፣ እግሩ ወለሉን እየፋቀ ጮኸ፣ ከአጎቷ ጎን አስጠጋችውና ተቀመጠችበት።